የእንጨት ቶርኖ ለትርፍ ጊዜ ሥራ፦ እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይተከላል?

በየእንጨት ሥራ ቤቱ ደጃፍ ተደርድረው የምናያቸውን የአልጋ እግሮች፣ የደረጃ ዓምዶችና የወንበር መደገፊያዎች ክብና ለስላሳ አድርጎ የሚያወጣቸው ማሽን ቶርኖ ነው። ቃሉ እንደ ኩሽኔታ፣ ቺንጋና ቡሎን ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ሲሆን ሙያው ግን እጅግ የቆየ ነው። በግብፅ በጴጦሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የተቀረጸው ምስል እስካሁን ከታወቁት የቶርኖ ሥዕሎች ቀዳሚው ነው። በምስሉ ላይ አንደኛው ሰው እንጨቱን በጠፍር ወዲያና ወዲህ ሲያሽከረክር ሌላው በመሮ ይቀርጻል። ዛሬ የጠፍሩን ቦታ ሞተር ይያዘው እንጂ የሥራው ሐሳብ አልተለወጠም።

ቶርኖ ከሌሎች የእንጨት ሥራ ማሽኖች የሚለየው ሥራውን ብቻውን ሊጨርስ በመቻሉ ነው። ወንበር ለመሥራት መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሰርሰሪያና ኮላ ያስፈልጋል። ጎድጓዳ ሳህን ወይም የሊጥ መዳመጫ ለመሥራት ግን አንድ ጉማጅ እንጨት፣ አንድ ቶርኖና ጥቂት መሮዎች ይበቃሉ። ሳምንቱን በቢሮ አሳልፎ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ጊዜ ለሚያገኝ ሰው የሚስማማውም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ያለ ጥናት የተገዛ ቶርኖ የሰርቪስ ቤት ጥግ የሚይዝ ብረት ሆኖ ይቀራል፤ ያለ ጥንቃቄ የተተከለ ደግሞ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት መታወቅ የሚገባቸውን ነጥቦች በቅደም ተከተል እናያለን።

የማሽኑ ክፍሎች

ቶርኖ አምስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ሁሉንም የሚሸከመው አልጋው ነው። በአልጋው ግራ ጫፍ ሞተሩንና ፑሌጃዎቹን የያዘው ራስ ይገኛል። ከራሱ ወጥቶ እንጨቱን የሚያሽከረክረው ዘንግ እንዝርት ሊባል ይችላል፤ እናቶቻችን ጥጥ ከሚፈትሉበት እንዝርት ጋር የሥራ ዝምድና አለውና። በቀኝ በኩል በአልጋው ላይ ወዲህና ወዲያ የሚንሸራተተውና የእንጨቱን ሌላ ጫፍ ደግፎ የሚይዘው ጅራት ነው። በመጨረሻም መሮው የሚያርፍበት ማሳረፊያ አለ። በብረት ቶርኖ ላይ መቁረጫው በማሽኑ ታስሮ ይንቀሳቀሳል፤ በእንጨት ቶርኖ ግን መሮውን የሚይዘው የሰው እጅ ነው። የብረት ቶርኖ ለእንጨት ይሆናል ብሎ መግዛት ብዙ ጊዜ የማያዋጣው በዚህ ልዩነት የተነሳ ነው። በዚያ ላይ ሰጋቱራው ከማሽኑ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ተንሸራታች ክፍሎቹን ያበላሻል።

መጀመሪያ ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ ይወስኑ

በቶርኖ የሚሠራው ሥራ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ረጅምና ቀጭን ሥራ ነው፦ የመሮ እጀታ፣ የጭራ እጀታ፣ ዘነዘና፣ መቅረዝ፣ የወንበር እግርና የመሳሰሉት። በዚህ ሥራ የእንጨቱ ጭረት ከማሽኑ አልጋ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ እንጨቱም በራሱና በጅራቱ መካከል ተወጥሮ ይያዛል። ሁለተኛው ጎድጓዳና ሰፊ ሥራ ነው፦ ሳህን፣ ገበቴ፣ ትሪ፣ ትንሽ ሙቀጫ። እዚህ ላይ ከሙቀጫው በስተቀር በአብዛኛው የእንጨቱ ጭረት ከአልጋው ጋር ተሻግሮ ይቀመጣል፤ መሮው በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ከጭረቱ ጫፍ ጋር ይጋጫል።

ልዩነቱ ግዢውን ይወስናል። ለረጅምና ቀጭን ሥራ ፈጣን ማሽን ይበቃል፤ ብዙ ኃይልም አይጠይቅም። ለጎድጓዳ ሥራ ግን ዝቅ ያለ ፍጥነት፣ ኃይል ያለው ሞተርና ከባድ አካል ያስፈልጋል። አብዛኛው ጀማሪ እጀታ እሠራለሁ ብሎ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳህን መሥራት ያምረዋል። በመሆኑም መካከለኛውን መምረጥ ብልህነት ነው። ገና እጅ ሳይፈታ ግዙፍ የፋብሪካ ማሽን መግዛት ደግሞ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

መጠንን የሚነግሩ ሁለት ቁጥሮች

በማንኛውም ቶርኖ መግለጫ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው በአልጋው ላይ ሊሽከረከር የሚችለው ትልቁ የእንጨት ስፋት ሲሆን ሁለተኛው በራሱና በጅራቱ መካከል ሊገባ የሚችለው ትልቁ ርዝመት ነው። እዚህ ላይ ገዢዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። የአሜሪካ አምራቾች ስፋቱን የሚገልጹት በሙሉ ዲያሜትር ነው። ከአውሮፓ አምራቾች አንዳንዶቹ ግን ከአልጋው እስከ እንዝርቱ መሐል ያለውን ከፍታ፣ ማለትም ግማሹን ይጽፋሉ። ስለዚህ በአንዱ መግለጫ ላይ 150 ሚሊ ሜትር፣ በሌላው 300 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተጻፈው አንድ ዓይነት ማሽን ሊሆን ይችላል።

በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ትናንሽ ቶርኖዎች በአብዛኛው ከ250 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ስፋትና ከ400 እስከ 550 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያስተናግዳሉ። ይህ ለሳህን፣ ለዘነዘናና ለመቅረዝ ከበቂ በላይ ነው። የራሳቸው እግር ያላቸው ትላልቅ ማሽኖች ከ400 ሚሊ ሜትር ስፋት ይጀምራሉ። ርዝመትን በተመለከተ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ የመቋሚያ ዘንግ ወይም የአልጋ እግር የመሥራት ዕቅድ ከሌለ ረጅም አልጋ ቦታ ከመያዝ ሌላ ጥቅም የለውም። ለብዙ ትናንሽ ማሽኖች አልጋውን የሚያስረዝም ተቀጥላ ለብቻው ይሸጣል። ስፋትን ግን በኋላ መጨመር አይቻልም። ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ ገንዘብ ካለ ለስፋቱ ይሁን።

ሞተርና ፍጥነት

የሞተር ጉልበት በፈረስ ጉልበት ወይም በዋት ይገለጻል፤ አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ገደማ ነው። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ለእጀታና ለትናንሽ ሥራዎች ይበቃል። እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ሳህን ከሦስት አራተኛ እስከ አንድ የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። ከዚያ ለሚሰፋው ደግሞ አንድ ተኩልና ከዚያ በላይ ይመረጣል። በርካሽ ማሽኖች ላይ የሚለጠፈው የጉልበት ቁጥር አንዳንዴ የተጋነነ ስለሚሆን በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን የብረት ሰሌዳ ማንበብ ይበጃል።

ከጉልበቱ ይልቅ ግን የፍጥነቱ ዝቅተኛ ወለል መታየት አለበት። ሻጮች ማሽኑ በደቂቃ 3,500 ዙር እንደሚሽከረከር በኩራት ይናገራሉ፤ መጠየቅ ያለበት ዝቅተኛው ስንት ነው የሚለው ነው። ያልተስተካከለ የእንጨት ጉማጅ በዝግታ ካልተጀመረ ማሽኑን ያንቀጠቅጣል፤ ከከፋም ተነቅሎ ይወረወራል። ለጎድጓዳ ሥራ ዝቅተኛው ፍጥነት ከ500 ዙር በታች ቢሆን ጥሩ ነው፤ 250 ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። የእንጨቱ ዲያሜትር በሴንቲ ሜትር ከደቂቃ ዙር ጋር ሲባዛ ውጤቱ ከ15,000 እስከ 23,000 ባለው ውስጥ ይሁን ይላል። በዚህ መሠረት፦

10 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ላለው እንጨት ከ1,500 እስከ 2,300 ዙር፣
20 ሴንቲ ሜትር ላለው ከ750 እስከ 1,150 ዙር፣
30 ሴንቲ ሜትር ላለው ከ500 እስከ 770 ዙር ማለት ነው።

ይህ ክብ ለሆነና ለተመጣጠነ እንጨት ነው፤ ገና ክብ ላልሆነው ከዝቅተኛውም ቁጥር በታች ይጀመራል። ጉዳዩ የዋዛ አይደለም። የ30 ሴንቲ ሜትር ሳህን በ1,000 ዙር ሲሽከረከር ጠርዙ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ3,000 ዙር ደግሞ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን እንጨቱን ወደ ውጭ የሚወረውረው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ትናንት እጀታ ሠርቶ ፍጥነቱን ሳይቀንስ የተወ ሰው ዛሬ ሳህን ጭኖ ቢያስነሳ ምን ሊከተል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ፍጥነት የሚለወጥባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ቺንጋውን ከአንዱ ፑሌጃ ወደ ሌላው በእጅ ማዛወር ነው፤ ቀላል፣ ርካሽና የማይበላሽ ነው። ሁለተኛው በሚሰፉና በሚጠብቡ ፑሌጃዎች አማካይነት በማንሻ የሚለወጠው ሲሆን ፑሌጃዎቹ ይበላሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹም ከ500 ዙር በታች አይወርዱም። ሦስተኛው በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠረው ነው፤ ለሥራ እጅግ ምቹ ቢሆንም ሰሌዳው ከተቃጠለ መለዋወጫው አገር ውስጥ ላይገኝ ይችላል።

የኤሌክትሪክ ጉዳይ

በአገራችን ለቤት የሚደርሰው ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ማሽን ግን በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ስለሆነም ተራ ሞተር ያለው ማሽን ከተሠራበት ፍጥነት በአንድ ስድስተኛ ቀንሶ ይሽከረከራል፤ በ1,725 ፈንታ 1,440 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። መቀነሱ ባልከፋ፤ ሞተሩ ግን ከወትሮው በላይ ይሞቃል፤ ለረጅም ሰዓት ሲሠራም ይጎዳል። ፍጥነታቸው በኤሌክትሮኒክስ የሚመራ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ የኸርዝ ለውጥ አያስቸግራቸውም፤ ቮልታቸው ብቻ መስተካከል አለበት። ትራንስፎርመር ሲገዛ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ያለው አምፒር በቮልቱ ተባዝቶ ከሚገኘው ቁጥር ቢያንስ እጥፍ አቅም ያለው ይሁን፤ ሞተር ሲነሳ የሚስበው ኃይል ሲሠራ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ነውና።

ከፋብሪካ የወጡ ያገለገሉ ማሽኖች ደግሞ ባለ ሦስት ፌዝ ሆነው ይገኛሉ። ቤት ውስጥ ሦስት ፌዝ ከሌለ የቤቱን 220 ቮልት ተቀብሎ ሦስት ፌዝ የሚያወጣ ኢንቨርተር መግጠም ይቻላል፤ ፍጥነቱንም እንደ ልብ ለመለዋወጥ ያስችላል። ነገር ግን በቅድሚያ የሞተሩ ሰሌዳ ይነበብ። 220/380 የሚል ከሆነ ሽቦው በዴልታ ታስሮ በ220 ሊሠራ ይችላል። 380/660 የሚል ከሆነ ግን ተራው የቤት ኢንቨርተር አያንቀሳቅሰውም።

መብራት በሚቆራረጥበት አገር ከሁሉ በላይ መታሰብ ያለበት ማብሪያው ነው። ማሽኑ እየሠራ መብራት ሲሄድ ሰው ማጥፋቱን ይረሳል፤ መሮውን አስቀምጦ እንጨቱን በእጁ ይዳብሳል ወይም ማንድሪኖውን ይፈታል። በዚያች ቅጽበት መብራቱ ቢመለስ ተራ ማብሪያ ያለው ማሽን ራሱ ይነሳል። መድኃኒቱ መብራት ሲቋረጥ በራሱ የሚዘጋና ዳግመኛ ካልተጫኑት የማይነሳ ማግኔታዊ ማብሪያ ነው። ማሽኑ ይህ ከሌለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በቀላሉ ይገጥመዋል። ሶኬቱ ኧርዝ ያለው መሆኑም ይረጋገጥ፤ በቆዩ ቤቶች ሦስተኛው ቀዳዳ ኖሮ ሽቦው የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

የእንዝርቱ ጥርስና ቀዳዳ

በእንዝርቱ ጫፍ ላይ ማንድሪኖና ፍላንጃ የሚታሰሩበት ጥርስ አለ። ይህ ጥርስ ያልተለመደ ዓይነት ከሆነ ዕድሜ ልክ የመለዋወጫ ችግር ያመጣል። በብዛት የሚገኙት ኤም 33 በ3.5 የተባለው የአውሮፓ ልክ፣ በትናንሽ የአሜሪካ ማሽኖች ላይ ያለው አንድ ኢንች ባለ 8 ጥርስ፣ በትላልቆቹ ላይ ደግሞ አንድ ከሩብ ኢንች ባለ 8 ጥርስ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ማንድሪኖ በገበያ ይገኛል።

በእንዝርቱና በጅራቱ ውስጥ ያለው ሾጣጣ ቀዳዳ ደግሞ ሞርስ በሚባል ልክ ይለካል። ቁጥር 2 በጣም የተለመደው ነው፤ ቁጥር 1 በጥቃቅን ማሽኖች ላይ ይገኛል። በሁለቱም ጫፍ ቁጥር 2 ያለው ማሽን መምረጥ መሰርሰሪያዎችንና ጫፎችን በቀላሉ ለማግኘት ይረዳል።

አዲስ፣ ያገለገለ ወይስ አገር ውስጥ የተሠራ?

ለቶርኖ ክብደት ጸጋ ነው። በሚጣል የብረት ቅልጥ የተሠራ አልጋ ንቅናቄን ይውጣል፤ በቀጭን ላሜራ ወይም በቱቦ የተሠራ ግን ያስተጋባል። ከሁለት ተመሳሳይ ማሽኖች ከባዱን መምረጥ ብዙ ጊዜ አያስቆጭም።

ያገለገለ ማሽን ሲታይ የሚከተሉትን መፈተሽ ይገባል። እንዝርቱን በእጅ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ፤ የሚንቃቃ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ማሽኑን ያለ እንጨት አስነስቶ ማዳመጥ፤ የሚፈጭ ወይም የሚያፏጭ ድምፅ ደግ ምልክት አይደለም። ኩሽኔታ ይቀየራል፣ ግን ዋጋው ከክፍያው ላይ ይቀነስ። ቀጥሎ ሁለት ሹል ጫፎችን በራሱና በጅራቱ ገጥሞ ማቀራረብ ነው፤ ጫፍ ለጫፍ በትክክል ካልተገናኙ አልጋው ተጣሟል ወይም ጅራቱ በልቷል። የእንዝርቱ ጥርስ ያልተበላ፣ የጅራቱና የማሳረፊያው ማሰሪያዎችም አጥብቀው የሚይዙ መሆናቸው ይታይ።

አገር ውስጥ በብየዳ የሚሠሩ ቶርኖዎች ለአልጋ እግር ሥራ ያገለግላሉ፤ ዋጋቸውም ይቀንሳል። ችግራቸው አብዛኛውን ጊዜ ቺንጋው ሳይሸፈን መቅረቱ፣ ፍጥነታቸው አንድ ብቻ መሆኑና እንዝርታቸው ማንድሪኖ የሚቀበል ጥርስ የሌለው መሆኑ ነው። ማሠራት የፈለገ ሰው ሦስቱንም በቅድሚያ በውሉ ያስገባ።

ዋጋው የማሽኑ ብቻ አይደለም

ጀማሪዎች የሚዘነጉት ነገር ቢኖር ማሽኑ ከጠቅላላው ወጪ ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆኑን ነው። ቀሪው ለመሮዎች፣ ለማንድሪኖ፣ ለመሳያና ለመከላከያ ይሄዳል።

መሮዎቹ ከሃይ ስፒድ ስቲል የተሠሩ ይሁኑ። ተራው የካርቦን ብረት ሲሳል ጥቂት ከሞቀና ሰማያዊ ከሆነ ይለሰልሳል፤ ስለቱም ቶሎ ይጠፋል። ለጀማሪ አምስት ይበቃሉ፦ አራት ማዕዘኑን እንጨት ክብ የሚያደርገው ሰፊው ጎድጓዳ መሮ፣ ለቀጭን ሥራ ጥልቀት የሌለው ጎድጓዳ መሮ፣ ለሳህን ወፍራምና ጥልቅ ጎድጓዳ መሮ፣ መቁረጫና መፋቂያ። አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ግድ ነው። እንጨት ክብ የሚያደርገው ሰፊው መሮ በምንም ዓይነት ለሳህን ሥራ አይውልም። ወደ እጀታው የሚገባው ጭራው ቀጭን በመሆኑ ከተሻጋሪ ጭረት ጋር ሲጋጭ ይሰበራል፤ ስባሪውም ወደ ሠራተኛው ይመጣል።

ስለት የሥራው ግማሽ ነው። ደረቅ እንጨት በሚሠሩበት ጊዜ በየጥቂት ደቂቃው መሳል የተለመደ ነው። የኤሌክትሪክ መሞረጃው 20 ሴንቲ ሜትር ድንጋይና በደቂቃ 1,450 ዙር ገደማ ፍጥነት ያለው ቢሆን ይመረጣል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ግራጫ ድንጋይ ቶሎ ስለሚያሞቅ በነጭ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ድንጋይ ይተካ፤ 80 ቁጥር ለአብዛኛው ሥራ ይሆናል። ሰፊውን መሮ በ45 ዲግሪ፣ የሳህኑን ከ50 እስከ 60፣ ለቀጭን ሥራ የሚሆነውን ከ35 እስከ 40 ዲግሪ መሳል የተለመደ ነው። መሮውን በአንድ ማዕዘን የሚይዝ መያዣ መጠቀም ለጀማሪ ብዙ ብረት ይቆጥብለታል።

አተካከል

ቦታው ምድር ቤት ወይም ሲሚንቶ ወለል ያለው ሰርቪስ ክፍል ቢሆን ይመረጣል። ኮንዶሚኒየም ላይ የሚኖር ሰው ንቅናቄው በወለሉ ወደ ጎረቤት እንደሚያልፍ ያስብበት፤ ወፍራም ጎማ ከእግሩ ሥር ማንጠፍ ድምፁን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ከፍታው የሚለካው በሠራተኛው ቁመት ነው። ቀጥ ብለው ቆመው ክርንዎን ሲያጥፉ የእንዝርቱ መሐል በክርንዎ ልክ ወይም በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መሆን አለበት። ዝቅ ያለ ማሽን ወገብ ይሰብራል። የትናንሽ ማሽኖች ጠረጴዛ ከወፍራም ጣውላ ተሠርቶ በቡሎን ይታሰር፤ ከእግሮቹ በታች ባለው መደርደሪያ ላይ የአሸዋ ከረጢት ማስቀመጥ ለማሽኑ የጎደለውን ክብደት ይሰጠዋል።

ማሽኑ ከመታሰሩ በፊት አልጋው በውሃ ልክ በቁመትም በጎንም ይለካ። አራቱም እግሮች ወለሉን እኩል ካልነኩ ቡሎኑ ሲጠብቅ አልጋው ይጣመማል። ያልነካው እግር ሥር ስስ ላሜራ ይግባና ከዚያ በኋላ ይጥበቅ። ካጠበቁ በኋላ ሁለቱን ሹል ጫፎች እንደገና አቀራርቦ ማየት ያስፈልጋል፤ ከማጥበቁ በፊት የተገናኙት አሁን ከተለያዩ ተከላው አልጋውን አጣምሞታል ማለት ነው።

ብርሃን ከሁለት አቅጣጫ ይምጣ። የአንዳንድ ቱቦና ኤልኢዲ መብራቶች ብርሃን በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። አራት ማዕዘን እንጨት በደቂቃ 1,500 ዙር ሲሽከረከር በሰከንድ 25 ዙር ይሆናል፤ አራቱ ጎኖቹ 100 ጊዜ ያልፋሉ። ያን ጊዜ የሚሽከረከረው እንጨት የቆመ ሊመስል ይችላል። ከማሽኑ አጠገብ ብልጭታ የሌለው አንድ አምፖል መጨመር ይህን አደጋ ያስቀራል። ማጥፊያው ከሚወረወረው እንጨት መንገድ ውጭ ሆነው በግራ እጅ ሊደርሱበት የሚችሉት ቦታ ይሁን።

አደጋው የት ነው?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2011 በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ አንዲት የሳይንስ ተማሪ በሌሊት ብቻዋን በወርክሾፕ ስትሠራ ፀጉሯ በብረት ቶርኖ ተይዞ ሕይወቷ አልፏል። የሚሽከረከር ዘንግ ፀጉርን፣ ክርን ወይም ጨርቅን ከያዘ ለመላቀቅ የሚሆን ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ፀጉር ይታሰር፤ ነጠላ፣ ከረባት፣ ሰፊ እጅጌ፣ ሐብልና ቀለበት ከክፍሉ ውጭ ይቅሩ። በሌላ ሥራ የሚጠብቀን ጓንት እዚህ ይጎዳል፤ በቶርኖ ላይ ጓንት አይደረግም። ቀለምና ዘይት ሲቀቡም በጨርቅ ፈንታ በቀላሉ የሚቀደድ ሶፍት ይጠቀሙ።

ሁለተኛው የሚወረወር እንጨት ነው። መነጽር ዓይንን እንጂ ፊትን አያድንም፤ ሙሉ ፊት የሚሸፍን መከላከያ ይደረግ። ማሽኑ ሲነሳ ከእንጨቱ ትይዩ ሳይሆን ወደ ጎን ይቁሙ።

ሦስተኛው ቀስ ብሎ የሚጎዳው ብናኝ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ መድቦታል። አደገኛው መሬት ላይ የሚወድቀው ፍቅፋቂ ሳይሆን በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ አየር ላይ የሚቀረው ነው። ለዚህ ኤን 95 ወይም ተመጣጣኝ ጭምብል፣ ክፍት መስኮትና ወደ ውጭ የሚነፍስ ማራገቢያ ያስፈልጋል።

እንጨቱ ከየት ይገኛል?

ለጀማሪ እንጨት መግዛት ግድ አይደለም። የማገዶ ክምር፣ ከግቢ የተገረዘ ቅርንጫፍና ከእንጨት ሥራ ቤት የሚጣል ቁርጥራጭ ይበቃል። ወይራ ጠንካራና መልኩ እጅግ የሚያምር ነው፤ ለእጀታና ለዘነዘና ተወዳዳሪ የለውም። ያረጀ የቡና ግንድ ለትናንሽ ሥራዎች ይሆናል። በየመንገዱ የተተከለው ጃካራንዳ ለስላሳና ለመማሪያ የሚመች ነው። ባሕር ዛፍ በቀላሉ ቢገኝም ሲደርቅ በጣም ይሰነጠቃል። የግራቪሊያ ብናኝ አንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ያሳክካል። ቁልቋልና ቅንጭብ ግን ወተታቸው ዓይን ስለሚያጠፋ ወደ ቶርኖ አይቅረቡ።

ኮሶ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና የሐበሻ ጽድ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከደን ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጡ በስም የጠቀሳቸው ዛፎች ናቸው። ለትርፍ ጊዜ መዝናኛ ተብሎ የአገር በቀል ዛፍ መቆረጥ አይገባውም። ዋንዛ የፈለገ ሰው ከፈረሰ ቤት በርና ከአሮጌ ዕቃ ሊያገኝ ይችላል፤ ሚስማሩን አስቀድሞ መንቀል ግን አይዘንጋ።

እርጥብ ግንድ ሲገኝ በልቡ ላይ ለሁለት ይሰንጠቅ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከልቡ ነው። ጫፎቹ ወዲያውኑ በሰም ወይም በወፍራም ቀለም ይሸፈኑ። ከእርጥብ እንጨት ሳህን ሲሠራ መጀመሪያ የግድግዳው ውፍረት ከዲያሜትሩ አንድ አሥረኛ ይደረጋል፤ ለ20 ሴንቲ ሜትር ሳህን 2 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ በወረቀት ከረጢት ተጠቅልሎ ለወራት ከፀሐይ ርቆ ይደርቃል፤ ከተጣመመ በኋላ እንደገና ተጭኖ ይጠናቀቃል። በበጋው ደረቅ አየር መቸኮል ስንጥቅ ያተርፋል።

ለምግብ የሚሆን ዕቃ በተልባ ዘይትና በንጹሕ ሰም ሊቀባ ይችላል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ወይም ሶፍት ግን ተጨማድዶ ከተቀመጠ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላልና ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ቀን

የመጀመሪያው እንጨት 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ስንጥቅና ቋር የሌለበት ይሁን። ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት በእያንዳንዱ ጊዜ የሚከተለው ይታይ፦

እንጨቱ በሁለቱም ጫፍ በጥብቅ ተይዟል፤
የጅራቱና የማሳረፊያው ማሰሪያዎች ጠብቀዋል፤
ማሳረፊያው ከእንጨቱ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ርቋል፤
እንጨቱ በእጅ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ምንም አይነካም፤
ፍጥነቱ ዝቅተኛው ላይ ነው፤
የማንድሪኖው ቁልፍ ወጥቷል።

ከዚያ መሮው በቅድሚያ ማሳረፊያውን፣ ቀጥሎ እንጨቱን ይንካ፤ ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ መሮው ከእጅ ይነጠቃል። በብርጭቆ ወረቀት ከመታሸቱ በፊት ማሳረፊያው ከመንገድ ይነሳ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉማጆች ዕቃ እንዲሆኑ አይጠበቅም፤ ክብ ይሁኑ፣ ይቀረጹ፣ እስኪያልቁም ድረስ ይከርከሙ። እጅ ስለትን የሚለምደው በእነዚህ ነው። ከመሮው የሚወጣው ብናኝ መሆኑ ቀርቶ ረጅምና የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ሲሆን፣ ድምፁም ከመፋቅ ወደ ማፏጨት ሲለወጥ፣ ያን ጊዜ ያ የተቀመጠው የወይራ ጉማጅ ሊወጣ ይችላል።